ከካሴት እስከ ሃርድ ዲስክ፦ ሐርጌሳ ሒሳቧን ያተረፈችበት መንገድ

በሐርጌሳ ሱቆቻችን ውስጥ ከሚዛኑና ከካልኩሌተሩ አጠገብ አንዲት ትንሽ ላፕቶፕ አትጠፋም። ያገለገለች ናት፤ ብዙዎቹ ከዱባይ በበርበራ በኩል ገብተው ሁለት ሦስት ባለቤት የቀየሩ ናቸው። ውስጧ ግን ብዙ ነገር አለ፦ ከድሬዳዋና ከጅግጅጋ የመጣው ዕቃ ዝርዝር፣ የጉምሩክ ወረቀት ቅጂ፣ የልጆች ፎቶ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ማን ስንት ዱቤ እንዳለበት። አንድ ቀን «ጠቅ፣ ጠቅ» የሚል ድምፅ ታሰማና አልነሣም ትላለች። ማሽኗን መጠገን ቀላል ነው። ሌላ ቦታ ያልተጻፈው ሒሳብ ግን ምን ይሆናል?

ይህች ከተማ ጥያቄውን ከኮምፒውተር በፊትም ታውቀዋለች። ስለዚህ ወደ ካቻቪቴው ከመሄዳችን በፊት ታሪኩን እንይ። ዓመቶቹን የጻፍነው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሒሳብ የሚለውን ቃል እኛም ሱማሌ ወዳጆቻችንም በአንድ ትርጉም እንጠቀምበታለን። አጻጻፋችን ግን ለየቅል ነበር። ሱማልኛ በላቲን ፊደል በይፋ መጻፍ የጀመረው በ1972 ነው። ከዚያ በፊት በዓረብኛ የሚጽፉ ቢኖሩም፣ ብዙው ብድርና ቃል ኪዳን የሚታሰበው በአፍና በምስክር ነበር። ካሴት ሲመጣ ድምፅ ራሱ መዝገብ ሆነ፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሠሩ ሰዎች ለቤተሰባቸው ደብዳቤ በካሴት ቀድተው ይልኩ ነበር። እኛ በበኩላችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እያልን ደብተራችንን ይዘን መጣን። ጽሑፍም እንደሚቃጠል፣ ካሴትም እንደሚቀበር ያስተማረችን ሐርጌሳ ናት።

የሐርጌሳ ሬዲዮ በ1943 በእንግሊዝ አስተዳደር ዘመን «ሬዲዮ ኩዱ» ተብሎ ተጀመረ። ባለፉት አሥርት ዓመታት ዘፈኑን፣ ግጥሙን፣ ድራማውን በቴፕ እየቀዳ አከማቸ። በሜይ 1988 መጨረሻ የሱማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ተዋጊዎች ከተማዋ ሲገቡ የሲያድ ባሬ መንግሥት በመድፍና በአውሮፕላን ደበደባት። አውሮፕላኖቹ ይነሡ የነበረው ከራሱ ከሐርጌሳ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ዛሬ በከተማዋ መሐል በመታሰቢያነት የቆመውን ሚግ ሁላችንም በአጠገቡ እናልፋለን። ከተማዋ ፈረሰች፤ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብም ድንበር ተሻግሮ ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ከጅግጅጋ ወዲያ ያለው የሃርቲሼክ መጠለያ በአንድ ወቅት በዓለም ካሉት ትልልቅ የስደተኛ ካምፖች አንዱ ነበር፤ የተዘጋውም በ2004 ነው።

የሬዲዮው ሠራተኞችና አንዳንድ ነዋሪዎች ግን የሚመጣውን አስቀድመው አይተው ነበር። ካሴቶችንና ትልልቅ ጥቅል ቴፖችን ከፊሉን መሬት ውስጥ ቀበሩ፤ ከፊሉን ወደ ጅቡቲና ወደ ኢትዮጵያ አሻገሩ። ከዓመታት በኋላ የተቀበረው ተቆፍሮ ወጣ፣ የተሻገረውም ተመለሰ። ዛሬ በሐርጌሳ የባህል ማዕከል ከ10,000 በላይ ካሴቶች ተሰብስበዋል፤ ይዘታቸውም ወደ ኮምፒውተር እየተገለበጠ ነው። እዚህ ላይ ለነጋዴ የሚሆን አንድ ቁም ነገር አለ፦ ያ ድምፅ የተረፈው ቦምቡ ከመውደቁ በፊት ከአንድ ቤት ስለወጣ ነው። ከወደቀ በኋላ ፍርስራሽ ውስጥ ቢፈለግ ኖሮ አብዛኛው አይገኝም ነበር።

አሁን ወደ ማሽኑ እንመለስ። የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ በ1956 በአሜሪካው አይ.ቢ.ኤም ኩባንያ ለገበያ ቀረበ። 50 ክብ ሳህኖች ተደርድረውበት፣ ክብደቱ አንድ ቶን ያህል ሆኖ፣ የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነበር፤ ዛሬ በስልካችን የምናነሣትን አንዲት ፎቶ ያህል ማለት ነው። በላፕቶፕ ውስጥ የምናውቀው መዳፍ የሚያክለው የ2.5 ኢንች ዲስክ የተወለደው ሐርጌሳ በተደበደበችበት በዚያው በ1988 ነው፤ 20 ሜጋባይት ይይዝ ነበር። በ2007 ደግሞ የታይዋኑ አሱስ ኢ-ፒሲ የተባለችውን ባለ 7 ኢንች ላፕቶፕ በርካሽ ዋጋ አወጣ፤ ሌሎችም ተከተሉት። ታብሌት ሲመጣ የሀብታም አገር ሰው ትንንሾቹን ላፕቶፖች ተዋቸው። ወደ እኛ ገበያ የደረሱት ከዚያ በኋላ ነው።

በእነዚህ ላፕቶፖች ውስጥ ያለው ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይሽከረከራል። የሚያነብበት ጫፍ ሳህኑን ሳይነካ በአየር ላይ ይንሳፈፋል፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከጸጉር ውፍረት በሺዎች እጥፍ ያነሰ ነው። ከጠረጴዛ ላይ መውደቅ፣ ወይም ሳይጠፋ ቦርሳ ውስጥ ተከትቶ ከውጫሌ እስከ ሐርጌሳ በመኪና መንገጫገጭ ጫፉን ከሳህኑ ጋር ያጋጨዋል። ሙቀትና በየጊዜው የሚቆራረጥ መብራትም ዕድሜውን ያሳጥሩታል። ያ «ጠቅ፣ ጠቅ» ጫፉ ቦታውን ፈልጎ ሲያጣ የሚያሰማው ድምፅ ነው።

ይህ ሲደርስ የመጀመሪያው ሥራ ማጥፋት ነው። ብዙ ሒሳብ የሚጠፋው በብልሽቱ ሳይሆን «እስቲ እንደገና» እየተባለ አሥር ጊዜ ሲነሣ ነው። ቀጥሎ ጥገና ቤት ስንወስደው አንድ ነገር አስረግጠን እንናገር፦ «ዊንዶውስ አትጫንበት፤ መጀመሪያ ፋይሉን አውጣልኝ።» ባለሙያው ባትሪውን ነቅሎ፣ ከሥር ያለውን ክዳን በካቻቪቴ ፈትቶ ዲስኩን ያወጣዋል። ከዚያ በዩ.ኤስ.ቢ ገመድ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ያገናኘዋል። ዲስኩ ከታየ፣ በነፃ የሚገኘው ዲዲ ሬስኪው የተባለ ፕሮግራም መጀመሪያ ጤነኛውን ክፍል ይገለብጣል፣ ከዚያ ወደ ታመመው ይመለሳል። ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ይወስዳልና ትዕግሥት ይጠይቃል። ዲስኩ የማይሽከረከር ወይም ጠቅ ጠቅ የሚል ከሆነ ግን ፕሮግራም አያድነውም። አቧራ በሌለበት ልዩ ክፍል ካልሆነ በቀር ሊከፈትም አይገባም። ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገቡት የሚለውን ምክር አትስሙ፤ እርጥበቱ ይብሱን ይጎዳዋል።

ላፕቶፗን ማዳን ከዚህ ይቀላል። በአሮጌው ዲስክ ቦታ ኤስ.ኤስ.ዲ የተባለው የማይሽከረከር ማከማቻ ይገባል። መጠኑ ያው 2.5 ኢንች፣ መሰኪያውም ሳታ የሚባለው ነው። አዲሱ 7 ሚሊሜትር፣ የብዙዎቹ አሮጌ ላፕቶፖች ቦታ ደግሞ 9.5 ሚሊሜትር ውፍረት ስላለው እንዳይነቃነቅ ትንሽ መደገፊያ ይደረግለታል። የመጀመሪያዎቹ ኢ-ፒሲዎች ሃርድ ዲስክ ስለሌላቸው ከመግዛት በፊት ሞዴሉን ማሳየት ይበጃል። ሲስተሙ ከፍላሽ ይጫናል፣ አሮጊቷም ከቀድሞዋ ፈጥና ትነሣለች። ኤስ.ኤስ.ዲ መንገጫገጭ አያስፈራውም፤ ሲሞት ግን ብዙ ጊዜ ጠቅ ብሎ እንኳ አያስጠነቅቅም።

ስለ ዱቤው የቀረ ነገር አለ። በ2009 ቴሌሶም ዛድን ከጀመረ ወዲህ በሐርጌሳ ሻይ እንኳ የሚከፈለው በስልክ ነው። ስለዚህ «የተከፈለው ሁሉ በዛድ አለ፤ ደብተር ለምን?» የሚሉ አሉ። ዛድ የሚያውቀው የተከፈለውን ነው። ያልተከፈለውን፣ ማለትም የሱቃችንን ግማሽ ሀብት፣ የምናውቀው እኛና ባለዕዳው ብቻ ነን። በኤፕሪል 1 ቀን 2022፣ በረመዳን ዋዜማ፣ የዋሂን ገበያ በአንድ ሌሊት ሲነድ ወደ 2,000 የሚጠጉ ሱቆችና መደብሮች ጠፉ። ብዙዎቹ የሴቶች ነበሩ። ሱቅ ውስጥ የተቀመጠ ደብተርም ላፕቶፕም ከሸቀጡ ጋር አብሮ ይነዳል። ከእሳት በኋላ ሒሳቡን የሚያሳይ ነጋዴ የሰጠውን ይጠይቃል፣ ከአከፋፋዩም ጋር ይነጋገራል። የሌለው ግን የባለዕዳውን ሕሊና ይጠብቃል። ሐቀኛ ሰው ብዙ ነው፤ ሐቀኛውም ቢሆን ቁጥሩን ይረሳል።

እኛ ድንበር ተሻጋሪዎች በዚህ ነገር ከማንም የተሻለ ዕድል አለን፤ በየሳምንቱ ወዲህና ወዲያ የሚመላለስ ሰው አናጣም። አርብ ሱቅ ስንዘጋ ሒሳቡን በሁለት ፍላሽ እንገልብጥ። አንዱ እዚሁ ቤታችን ይቀመጥ፤ ሌላው ጅግጅጋ ወይም ድሬዳዋ ያለች እኅት ወይም የአጎት ልጅ ዘንድ ይሂድ፣ በሚቀጥለው ጉዞ አዲሱ ሲደርስ አሮጌው ይመለስ። የደንበኛ ዕዳ ምስጢር ነውና ፋይሉ በይለፍ ቃል ይቆለፍ፤ የይለፍ ቃሉን ደግሞ ከባለቤቱ ሌላ አንድ የቤተሰብ ሰው ይወቀው። በወር አንድ ጊዜም ፍላሹን በሌላ ኮምፒውተር ከፍተን እንየው፤ ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ አለ ተብሎ አይቆጠርም።