ቤት መምታት ብቻውን ግጥም አያደርግም

ግጥም ሲነሳ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያየው ቤት መምታቱን ነው። የአማርኛ ግጥም አጥንቱ ግን ምጣኔው ነው። በ«የወል ቤት» ስንኙ ለሁለት ሐረግ ይከፈላል፤ በየሐረጉ 6 ቀለም፣ መሐሉ ላይ ትንፋሽ። «ሰንጎ መገን» በየሐረጉ 5 ነው። የሚቆጠረው በጆሮ እንጂ በዓይን አይደለም፤ የተዋጠ ሳድስ ፊደል አይቆጠርም።

ሎሬት ፀጋዬ ገብረ መድኅን ሐረጉን ወደ 8 ቀለም አስረዘመው፤ ስንኙ 16 ሆነ። ስልቱም «የፀጋዬ ቤት» ተባለ፤ በ1966 ዓ.ም. በታተመው «እሳት ወይ አበባ» ውስጥ ጎልቶ ይታያል። ኦቴሎንና ሐምሌትን ወደ አማርኛ ላመጣ ባለተውኔት እንዲህ ያለ ረጅም ትንፋሽ ያስፈልገው ነበር።

ልብ በሉ! ፀጋዬ ልማዱን ያሰፋው ቆጥሮ ነው። ዛሬ ሳይቆጥር «ነፃ ነኝ» የሚል ገጣሚ ግን ከምን ነፃ እንደወጣ እንኳ አያውቅም።