ነጋድራስ ገብረ ሕይወትና የቡሬ በርበሬ

አባቴ በቡሬ ገጠር በርበሬ ያመርታል። ሲሸጥ ብሩን እኔ ወደምሠራበት ባንክ ወደ ፍኖተ ሰላም ያመጣል፤ ክረምቱ ሲቃረብ ደግሞ ለማዳበሪያ ሊያወጣ ይመለሳል። አምና ደብተሩን ስሰጠው፣ «አንት ልጅ፣ ብሬ ካንተ ዘንድ ውሎ አያድርም እኮ! የት ነው የሚሄደው?» አለኝ። ሥቄ ዝም አልሁ።

መልሱን ከመቶ ዓመት በፊት የጻፈው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 በዓድዋ አካባቢ የተወለደው ይህ ሰው ገና በልጅነቱ ከምጽዋ በመርከብ ተሻግሮ በአንድ የኦስትሪያ ባለጸጋ ቤተሰብ ዘንድ አደገ፤ በርሊንም ሕክምና ተማረ። አገሩ ከተመለሰ በኋላ ግን ሊያድን የደከመለት በሽተኛ መንግሥቱና ገንዘቡ ሆነ።

በ1912 ባሳተመው «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተሰኘው ጽሑፉ የንጉሡ ሀብት ከመንግሥት ሀብት እንዲለይ፣ ግብር በገንዘብ እንዲከፈል፣ ሕግ ተጽፎ እንዲታወቅ መክሯል። ዛሬ እንዲህ ያለውን ምክር ለመስጠት የሕግ ባለሙያ፣ የባንክ ሰውና ፖለቲከኛ በአንድነት መቀመጥ ይኖርባቸዋል፤ እርሱ ብቻውን ሦስቱን ነበር።

ኋላ የጅቡቲ ባቡር ተቆጣጣሪ፣ ቀጥሎም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነ። ቡናውና ቆዳው ሲወጣ፣ ጨርቁና ብረታ ብረቱ ሲገባ በዓይኑ ያየው እዚያ ነው። ከሞተ በኋላ በ1924 በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የሚያስተምረውም ይህንኑ ነው፦ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ዕውቀት ካለው ሲገበያይ የብዙ ቀን ድካሙን ሰጥቶ የጥቂት ቀን ሥራ ይቀበላል። ባቡሩ ቢፈጥንም፣ ዕውቀት ካልተጨመረበት የሚያፈጥነው ይህንኑ ኪሳራ ነው።

የአባቴ በርበሬ ሳይፈጭ፣ ሳይቀመም በጆንያ ይጫናል። ማዳበሪያው ባሕር አቋርጦ ይመጣል። በመካከል ያለው ልዩነት ነው ከደብተሩ ላይ ውሎ የማያድረው።

ነጋድራስ በ1919 ሲያርፍ ገና ሠላሳዎቹን መጀመሩ ነበር፤ እኔ ዛሬ ያለሁበትን ዕድሜ እንኳ አላየም። እኔ ግን ዲግሪዬን ይዤ የሌላውን ብር ቆጠርሁ እንጂ፣ አባቴ በርበሬውን አስፈጭቶ የሚሸጥበትን መላ አንድ ቀን አስቤ አላውቅም። ዘንድሮ አባቴ ያንኑ ጥያቄ ቢደግምልኝ፣ መሣቅ የምችል አይመስለኝም።