በሞጋሳ የገቡት

ዳሞት ሲባል ዛሬ ጎጃም ትዝ ይለናል። በመካከለኛው ዘመን ግን ዳሞት ከዓባይ በስተደቡብ የነበረ መንግሥት ነው፤ አፄ ዓምደ ጽዮን በ1316/17 እ.ኤ.አ. አስገበሩት። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሜጫ ኦሮሞ ወደዚያ ምድር ሲዘልቅ፣ ከነባሩ ሕዝብ ገሚሱ ስሙን ይዞ ዓባይን ተሻገረ።

የቀረውስ? ብዙው በሞጋሳ የጎሳ ልጅ ሆነ። አባ ገዳው በጎሳው ስም ይቀበለዋል፣ መሐላ ይፈጸማል፤ ከዚያ ወዲያ ባዕዱ የጎሳውን አባት የራሱ አባት አድርጎ ይቆጥራል፤ እሱን የነካ ጎሳውን ነካ። እኔ ሰባኪ ብሆን ኤፌሶን 1፥5ን በሮማውያን ሕግ ከማስረዳ በሞጋሳ ባስረዳ እመርጣለሁ።

ሆኖም «ገባሮ» የሚለው ስም ብዙዎቹን አልለቀቃቸውም። ልጅ ተብለው ገብተው ግብርና ጉልበት ሲጠየቁ ኖሩ፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እስከ ማመፅ ደረሱ። እኛስ ብንሆን፣ ወገኖቼ? አብረን ቅዱስ ቁርባን የወሰድነው ወንድም ልጃችንን ለጋብቻ ሲጠይቅ «ዘሩ ምንድን ነው?» የምንል አለን።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነቀምቴ የሌቃ ሞቲዎች መናገሻ ስትሆን የባሪያ ንግድ ገና አልቆመም ነበር። በ1904 እ.ኤ.አ. ወንጌልን ይዘው ወደ ከተማዋ የመጡት ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ራሳቸው ከባርነት የወጡ ናቸው። በኦሮምኛ የተረጎሙት መጽሐፍ ቅዱስ ከአምስት ዓመት በፊት ታትሞ ነበር። ኦኔሲሞስ የሚለው ስም በፊልሞና መልእክት ውስጥ ጳውሎስ እንደ ወንድም ተቀበሉት ያለለት ባሪያ ስም ነው።