የቢዝነስ ማስተርስ ትምህርቶች ከየት መጡ? ለገበሬውስ ምን ይፈይዳሉ?

እንደሚታወቀው የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች ሥራ እየሰፋ ሲሄድ በቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ ዲግሪ ያላቸውን ባለሙያዎች መቅጠር እየተለመደ መጥቷል። ባለሙያው ለጠቅላላ ጉባኤ ሪፖርት ሲያቀርብ “ፋይናንስ”፣ “ግብይት”፣ “ስትራቴጂ” የሚሉ ቃላት ይደጋገማሉ። አባሉም ነገሩ የምሁራን ነው ብሎ አጨብጭቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይሁን እንጂ የእነዚህን ትምህርቶች ታሪክ መለስ ብሎ ላየ ሰው፣ ሁሉም የመነጩት ገንዘቡንና ጉልበቱን ከሌላው ጋር ያዋሃደ ሰው ከሚያነሳቸው ጥያቄዎች ነው። የማህበሩ ባለቤት አባሉ እንደመሆኑ መጠን ጥያቄዎቹም የእርሱ ናቸው።

የትምህርቶቹ አመጣጥ

ከሁሉም ቀዳሚው የሂሳብ አያያዝ ነው። ሉካ ፓቺዮሊ የተባለ ጣሊያናዊ መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1494 በቬኒስ ባሳተመው መጽሐፍ፣ የከተማዋ ነጋዴዎች እያንዳንዱን ሂሳብ በሁለት ወገን፣ በዴቢትና በክሬዲት የሚመዘግቡበትን ዘዴ አብራርቶ ጻፈ። ሁለቱ ወገን ካልተመጣጠነ ስህተት መኖሩ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1844 ደግሞ በእንግሊዝ ሀገር በሮችዴል ከተማ 28 ሸማኔዎችና ሌሎች ሠራተኞች የሸማቾች ማህበር አቋቋሙ። ትርፉ አባሉ በገዛው መጠን እንዲከፋፈል አደረጉ፤ ቆየት ብለውም ከትርፋቸው ከመቶ ሁለት ተኩል ለትምህርት መደቡ።

ንግድን በድኅረ ምረቃ ደረጃ ማስተማር የተጀመረው በአሜሪካ ነው። የዳርትማውዝ ኮሌጅ በ1900፣ ሃርቫርድ ደግሞ በ1908 እ.ኤ.አ. ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ዛሬ “ኤም ቢ ኤ” የሚባለው ዲግሪ ከሃርቫርድ ተነሳ። በ1959 እ.ኤ.አ. በፎርድና በካርኔጊ ድርጅቶች ድጋፍ የተካሄዱ ሁለት ጥናቶች ትምህርቱ ጥልቀት ይጎድለዋል ብለው በመተቸታቸው ኢኮኖሚክስ፣ ስታቲስቲክስና የሰው ባህርይ ጥናት ተጠናከሩ። በዚህ መልክ ሂሳብ አያያዝ፣ ፋይናንስ፣ ኢኮኖሚክስ፣ ግብይት፣ የምርትና አቅርቦት አመራር፣ የሰው ኃይል አስተዳደርና ስትራቴጂ ዋና ዋና ትምህርቶች ሆኑ።

በሀገራችን የታየው ተሞክሮ

የአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት የተቋቋመው በ1935 ዓ.ም. ነው። ስለ ኅብረት ሥራ ማህበራት ደግሞ በ1953 ዓ.ም. ድንጋጌ ቁጥር 44፣ ቀጥሎም አዋጅ ቁጥር 241/1958 ወጡ። በደርግ ዘመን በአዋጅ ቁጥር 138/1970 ማህበራት በብዛት ቢስፋፉም፣ የእህሉን ኮታና ዋጋ መንግሥት ይወስን ስለነበር የገበሬው ማህበር ስለ ግብይት የሚመክርበት ጉዳይ አልነበረውም። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ አብዛኞቹ የአምራቾች ማህበራት በራሳቸው አባላት ፈረሱ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ በግድ ያበረ ድር ግን አንበሳ ማሰር ቀርቶ ራሱም አልጸናም።

አዋጅ ቁጥር 147/1991 ፈቃደኝነትንና የአንድ አባል አንድ ድምፅ መርህን መሠረት አድርጎ ወጣ። በዚያው ዓመት 34 መሠረታዊ ማህበራት የኦሮሚያ ቡና አምራች ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየንን አቋቋሙ። ዩኒየኖች በጨረታው ሳያልፉ ቡናቸውን በቀጥታ ለውጭ ገዢ መሸጥ እንዲችሉ ሲፈቀድ፣ የቡና ጥራት፣ የማጓጓዣ ጊዜ፣ የውጭ ገዢ ውልና የዓለም ዋጋ የገበሬው ጉዳይ ሆኑ። የግብይት ትምህርት በተግባር ተጀመረ ማለት ነው።

ስትራቴጂ የሚባለውም እንዲሁ ታየ። የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት በ1997 ዓ.ም. ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉት ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት ሆነው እንዲመዘገቡ አመለከተ። የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማህበር ተቃወመ፤ ክርክሩ ቆይቶ በሰኔ 1999 ዓ.ም. ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ስምምነት ተደረሰ። ከፍሬው በተጨማሪ ስሙም ሀብት መሆኑን ብዙዎች የተረዱት ያኔ ነው።

ፋይናንስ በገበሬው ቤት

እስካሁን ያየነው የማህበርን ገንዘብ ነው። ፋይናንስ ግን እያንዳንዱን አባል በቤቱ ያገኘዋል። ለዚህ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጠርዝ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ያለችውን ሀና ማርያምን ማየት ይበቃል። ከተማው ወደ ደቡብ ሲሰፋ በዚያ አካባቢ የእርሻ ማሳ የነበረው ቦታ የመኖሪያ ቤትና የመንገድ ሆኗል። በከተሞች ዳርቻ መሬቱ ለልማት የሚወሰድበት ገበሬ፣ በአዋጅ ቁጥር 455/1997 መሠረት ከመልቀቁ በፊት ባሉት አምስት ዓመታት ያገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ በአሥር ተባዝቶ የመፈናቀያ ካሳ ይከፈለው ነበር።

አሥር ዓመት ይበቃል ብሎ ማሰብ ቀላል ነው። ለምሳሌ ያህል እናስላው። ዓመታዊ ገቢው 10,000 ብር የነበረ ገበሬ 100,000 ብር ይቀበላል። ገንዘቡን ሥራ ላይ ሳያውል እቤቱ አስቀምጦ በየዓመቱ የቀድሞ ኑሮውን ይገዛበታል እንበል። ዋጋ በየዓመቱ በመቶ አሥር ቢጨምር፣ በመጀመሪያው ዓመት 10,000፣ በሁለተኛው 11,000፣ በሦስተኛው 12,100 ብር ያወጣል። በሰባት ዓመት ወደ 94,900 ብር ገደማ ወጥቶ 5,100 ብር ያህል ይቀረዋል፤ ለስምንተኛው ዓመት ግን ወደ 19,500 ብር ያስፈልገዋል። መሬቱ ቢኖር ኖሮ በስምንተኛውም ዓመት ያበቅል ነበር። የዛሬ ብርና የነገ ብር እኩል አይደሉም የሚለው የፋይናንስ የመጀመሪያ ትምህርት ይኸው ነው። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ብዜቱን ወደ አሥራ አምስት ቢያሳድገውም ትምህርቱ አይለወጥም፤ ካሳ ሥራ ላይ ካልዋለ ያልቃል። በወተት ላም፣ በወፍጮ፣ በማህበር ዕጣ ወይም በቁጠባና ብድር ማህበር በኩል ከዋለ ግን መሬቱን በከፊል ሊተካ ይችላል። የወረዳና የክፍለ ከተማ ኃላፊዎችም ካሳው ከመከፈሉ በፊት ይህን ስሌት ለገበሬው ቢያስረዱ ትልቅ አገልግሎት ሰጡ ማለት ነው።

ለጠቅላላ ጉባኤ የሚሆኑ ጥያቄዎች

ከዚህ ታሪክ የምንወስደው፣ ሁላችንም ማስተርስ ባንማርም ጥያቄዎቹን መያዝ እንደምንችል ነው። መዝገቡ በዓመቱ ኦዲት ተደርጓል ወይ? ከተጣራው ትርፍ ለመጠባበቂያ ስንት ተቀመጠ፣ ለአባላት ስንት ተከፋፈለ? የተበደርነው ገንዘብ ከወለዱ በላይ አስገኝቷል ወይ? ማዳበሪያውና ምርጥ ዘሩ ከዝናቡ በፊት ደረሰ ወይ? ምርታችንን ማን ገዛ፣ ለምን በዚያ ዋጋ? የቀጠርነው ሠራተኛስ በምን ይመዘናል?

ብቃት ያለው ሥራ አስኪያጅ እንዲህ ያለውን ጥያቄ አይጠላም፤ ሥራው የሚታይለት በዚሁ ነውና። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል እንዲሉ፣ የማህበሩ ባለቤት ዝም ካለ ባለቤትነቱ በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።