ከቤተ ልሔም ምስክር እስከ ማስተርስ ቴሲስ

ድጓ የሚማር ሰው ፊደል የቆጠረው የትም ይሁን የት፣ ለመመስከር መንገዱ ወደ ጋይንት ነው፤ ወደ ቤተ ልሔም። እዚያ ዜማውን በቃል ማጥናት ብቻውን አይበቃም። ተማሪው ድጓውን ይጽፋል፣ በየቃሉ አናት ምልክቱን ይጥላል፣ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይታረማል። ሲመሰከርለት ያንኑ ይዞ ወጥቶ ወንበር ዘርግቶ ያስተምርበታል። የአንዱ ድካም ለሌላው መነሻ ይሆናል።

የዘመናዊው ትምህርት አቻ የማስተርስ ጥናት ነው። በተለይ ኮምፒውተር አማርኛ እንዲያነብ የማድረግ ምርምር የተጀመረው ለብቻቸው በሠሩ የማስተርስ ተማሪዎች ትከሻ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እ.ኤ.አ. በ1990 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ የመረጃ ጥናት ትምህርት ቤት፣ በአጭሩ ሲሳ፣ ተከፈተ። በ1997 ወርቁ ዓለሙ ኮምፒውተር የታተመ አማርኛ እንዲያነብ የሚያስችል ጥናት አቀረበ። ልብ በሉ፤ ያኔ ፊደላችን በዩኒኮድ ውስጥ ገና አልነበረም። የገባው በ1999 ነው።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ሰው አላጣም። በ1998 ኤርሚያስ አበበ በደማቅና በዘመም ቅርጽ የታተመውን፣ በ1999 ደረጀ ተፈሪ በታይፕ የተመታውን፣ በ2000 ንጉሤ ታደሰ በባንክ ቼክ ላይ የሰፈረውን የእጅ ጽሑፍ ሞከሩ። በዚያው ዓመት ሚሊዮን መሸሻ፣ በ2002 ደግሞ ያረጋል አሳቤ ቀጠሉ። ሁለቱ ጥናታቸውን በህንድና በስዊድን አሳደጉት።

በ5 ዓመት 6 ቴሲስ፣ ጥያቄው ግን አንድ! ድካሙ የሚያስመሰግን ነው። የጎደለው የጋራ ጎተራ ነበር። ሁሉም የሚለካበት አንድ የናሙና ክምችት ስላልነበረ የአንዱን ውጤት ከሌላው ጋር አስተያይቶ የቱ እንደሚበልጥ መፍረድ አይቻልም። 337,332 የመስመር ምስሎችን የያዘ የአማርኛ ክምችት ለተመራማሪ ሁሉ ክፍት ሆኖ የቀረበው በ2019 ነው። ከወርቁ ጥናት 22 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በዚያ ሥራ ውስጥ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሰው እጅ አለበት።

የቤተ ልሔምም ሀብት ወደ ኮምፒውተር መጥቷል። ትውፊት በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን ለነበሩት ለአዛዥ ጌራና ለአዛዥ ራጉኤል ከሚሰጣቸው የዜማ ምልክቶች ውስጥ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ቁርጥና ሌሎችም፣ በድምሩ 10 ምልክቶች፣ በ2005 ዩኒኮድ ውስጥ ገብተዋል። በ2024 ደግሞ ግዕዝን፣ ዕዝልንና ዓራራይን በኮምፒውተር ለመለየት የሞከረ ጥናት በዓለም አቀፍ የሙዚቃ ምርምር ጉባኤ ቀርቧል።

እንግዲህ ነገ ይህን ርዕስ ለማስተርስ የሚመርጥ ተማሪ ከየት ይጀምር? የቀደመው ሰው የሰበሰበው ድምፅ፣ ምስልና የጻፈው ፕሮግራም ከሌለ ከዜሮ ይጀምራል። ሁለት ዓመቱን ግማሽ ናሙና ሲለቅም ያልፋል፤ ለጥያቄው የሚተርፈው ጥቂት ወር ነው።

መፍትሔው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ዩኒቨርሲቲዎች የቴሲስ ወረቀት እንደሚረከቡ ሁሉ ናሙናውንና ፕሮግራሙንም ይረከቡ፤ ለሚቀጥለው ተማሪ ክፍት ያድርጉት። ይህ ሳይሟላ ውጤት አይሰጥ። ቤተ ልሔም ድጓውን ያልጻፈና ያላሳረመ ተማሪ አትመሰክርም። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ከዚህ የላላ መስፈርት የሚይዙበት ምክንያት የለም።