ጣሳ የተደፋበት ደጅ

በ1981 ዓ.ም. ለታሪክ ትምህርት ክፍል ያቀረብኩት የመመረቂያ ጽሑፍ ስለ ጣርማ በር መንገድና ዋሻ ነበር። ጣሊያን በ1928 እና በ1933 ዓ.ም. መካከል መንገዱን ሲሠራ ያዩ ሽማግሌዎችን አነጋግሬያለሁ። ከግርጌ ማስታወሻዎቹ አንዱ ላይ «ደብረ ሲና፣ በአንድ መጠጥ ቤት የተደረገ ቃለ መጠይቅ» የሚል አለ። ያ «አንድ መጠጥ ቤት» የእናቴ ጠላ ቤት ነው። ሽማግሌዎቹን የሰበሰበችልኝ እሷ ናት፤ አንዱ ዝም ሲል ጣሳውን እየሞላች ያናገረችልኝም እሷ። ስሟ ግን ጽሑፉ ውስጥ የለም። ባቾቼም እናቴ «ነጋዴ» እንደሆነች ነው የምታውቁት። የጠላ ሻጭ ልጅ መባል ያኔ ስድብ ነበራ!

ስለ መጠጥ የተጻፈልን ታሪክ የሚያዘነብለው ወደ ጠጅ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እንኳ ከማር የሚሠራውን መጠጥ ሳያነሳ አላለፈም። ማር በግብርነት ስለሚገባ ጠጁም የጌቶች አዳራሽ መጠጥ ሆኖ ኖረ። ጠላ የገበሬው ገብስ ነው፤ ጓዳ ተጠምቆ እዚያው ሰፈር ያልቃል። ዜና መዋዕል ጸሐፊ ምን ቤት ነው?

የእኛን ቤት የከፈተችው አያቴ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ ሾፌር ደብረ ሲና ላይ ማረፉ አይቀርም፤ የጣርማ በርን ቁልቁለት ከወረደ በኋላ ወይም ሲመለስ ዳገቱን ከመጀመሩ በፊት አንድ ነገር ይቀምሳል። ደጃፏ ላይ እንጨት ተከለች፣ ጫፉ ላይ ጣሳ ደፋች፤ ማስታወቂያው ይኸው ነው። ጣሳው ከሌለ ጠላው አልደረሰም ማለት ነው።

ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ጋኑ በወይራ ይታጠናል፤ ጌሾና ብቅሉ ይጠነሰሳል፤ ቂጣው ተጋግሮ ይገባል፤ አሻሮው ይቆላል፣ ይፈጫል፣ ይደፈደፋል። ማገዶ ተሸካሚው እኔ ነበርኩ፤ እስከ ዛሬ የወይራ ጭስ ሲሸተኝ ትከሻዬን ያመኛል። ዋናው ጠላ ካለቀ በኋላ አተላው ላይ ውሃ ተጨምሮ ቅራሪ ይወጣል፤ ኪሱ ለሳሳ ሰው። የእኔ ደብተርና የአውቶቡስ ሒሳብ በአብዛኛው የተሸፈነው ከቅራሪ ነው።

ቢራማ ነበረ። ጊዮርጊስ ፋብሪካ የተከፈተው በ1915 ዓ.ም. ነው፤ ጠርሙሱ እኛም ከተማ በጭነት መኪና ይደርስ ነበር። ግን ቢራ የደመወዝ ቀን ነገር ነው። ዕቁብ የሚጣለው፣ በሬ የተጋጨባቸው ጎረቤቶች የሚታረቁት፣ ከወታደር ልጅ የመጣ ደብዳቤ የሚነበበው እናቴ መደብ ላይ ነው። አንባቢው እኔ ነበርኩ፤ ክፉ ወሬ ሲሆን ቀስ ብዬ እንዳነብ በዓይኗ ትጠቅሰኛለች። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ሲታወጅ ገበያው በግማሽ ወረደ፤ ሰው እየጠጣ የሚያየው በሩን ሆነ።

የዱቤ መዝገቧ ግድግዳው ነበር። በከሰል ለእያንዳንዱ ሰው ምልክት ትስላለች፤ ለአንጥረኛው መዶሻ፣ ለደብተራው መቋሚያ፤ ከጎኑ በጣሳ ልክ ጭረት። ሲከፍሉ ትሰርዘዋለች። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እሷም ፊደል ቆጠረች፤ ከዚያ በኋላ መዶሻው ቀርቶ ስም መጣ፤ ፊደሉ የተንጋደደ ስም። ፋሲካ በደረሰ ቁጥር ቤቱ ይለሰንና መዝገቡ ሁሉ ጭቃ ስር ይገባል። እኔ በዚያ ጊዜ አዲስ አበባ ቤተ መዛግብት ውስጥ ተቀምጬ «ምንጭ ጠፋ» እያልኩ ለአማካሪዬ አማርራለሁ።

እናቴ ካረፈች ቆየች፤ ቤቱን የያዘችው እህቴ ናት። ባለፈው ፋሲካ ስሄድ የጓዳው ግድግዳ ልስን ተፈረፍሮ ከስሩ ከሰል ብቅ ብሏል፤ የመኪና መሪ የመሰለ ክብና ከጎኑ አምስት ጭረት። ሾፌር ነው። እኔ ስልኬን አውጥቼ ፎቶ ሳነሳ እህቴ ከኋላዬ ቆማ አየችው።

«ይሄ ሰውዬ አልተሰረዘም እኮ፣ አልከፈለም» አለች።