«ምንጭ፡ ኢንተርኔት» ማስረጃ አይሆንም

ባለፈው ዓመት አዳማ ላይ አንድ የማስተርስ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ረቂቅ እንዳይለት ሰጠኝ፡፡ ጥናቱ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የጉድጓድ ውኃ ውስጥ ስላለው ፍሎራይድ ነው፡፡ የሕግ ሰው እንደመሆኔ ስለ ኬሚስትሪው የምለው አልነበረኝም፡፡ ዓይኔ ያረፈው ከአንድ ሰንጠረዥ ግርጌ በተጻፉት ሁለት ቃላት ላይ ነው፤ «ምንጭ፡ ኢንተርኔት» ይላል፡፡ ከየት እንዳገኘው ስጠይቀው ጓደኛው በቴሌግራም የላከለት ሽፋን የሌለው ፒዲኤፍ መሆኑን ነገረኝ፡፡ ማን እንደለካው፣ ከየትኛው ጉድጓድና በየትኛው ዓመት እንደተለካ ግን አያውቅም፡፡

ጉዳዩ የቅርጽ ብቻ አይደለም፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው የፍሎራይድ ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፡፡ ከዚያ ሲያልፍ ጥርስ ያበላሻል፤ ሲበዛና ሲቆይ አጥንት ይጎዳል፡፡ ከአዳማ አጠገብ ያለችው ወንጂ ይህን ችግር ለረጅም ዓመታት የምታውቅ አካባቢ ናት፡፡ ጉድጓድ ይዘጋል፣ ሌላ ይቆፈራል፣ ውኃው ይጣራል፡፡ ስለዚህ ዓመቱና ቦታው ያልታወቀ ቁጥር ነገ በአንድ መሐንዲስ ዕቅድ ውስጥ ገብቶ የሚያደርሰውን ጥፋት መገመት አያዳግትም፡፡

ሕጋችን ለዲጂታል ሰነድ ክብር ነፍጎታል ማለት አይቻልም፡፡ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አንድ ሰነድ ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንደማይነፈገው ደንግጓል፡፡ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ ከሌላ ሰው ሥራ መጥቀስን ሲፈቅድ ምንጩና የጸሐፊው ስም እንዲገለጽ ይጠይቃል፡፡ ችግሩ ያለው ከአጠቃቀማችን ነው፡፡

ምን ምን ይጠቀስ?

የአጠቃቀስ ሥልቶች ብዙ ናቸው፤ ኤፒኤ፣ ኤምኤልኤ፣ ቺካጎ፣ ለሕግ ጽሑፍ ደግሞ ኦስኮላና ብሉቡክ አሉ፡፡ በነጥብና በሰረዝ ቢለያዩም ሁሉም የሚጠይቁት ተቀራራቢ ነገር ነው፡- ማን ጻፈው፣ መቼ፣ ርዕሱ ምንድን ነው፣ ማን አሳተመው፣ የት ይገኛል፡፡ በየጊዜው የሚለዋወጥ ገጽ ከሆነ የታየበት ቀን ይጨመራል፡፡ ጸሐፊው ካልታወቀ ሰነዱን ያወጣው መሥሪያ ቤት ይጻፋል፤ ዓመቱ ካልታወቀ «ዓመት ያልተገለጸበት» ይባላል እንጂ በግምት አይሞላም፡፡ ጎግልም ሆነ ቴሌግራም ሰነዱ የተገኘበት መንገድ ናቸው፤ አሳታሚ አይደሉም፡፡

ሊንክ ይሞታል

የኢንተርኔት አድራሻ እንደ ቤት ቁጥር ነው፤ ተከራዩ ሊለቅ ይችላል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የሃርቫርድ የሕግ ምሁራን ጥናት በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔዎች ውስጥ ከተጠቀሱት ሊንኮች ግማሽ ያህሉ በመጀመሪያ ወደተጠቀሰው ይዘት እንደማያደርሱ አሳይቷል፡፡ እንዲያ ያለ ፍርድ ቤት ካልዳነ የእኛ መሥሪያ ቤቶች ድረ ገጽ በታደሰ ቁጥር የሚሆነውን አንባቢ ያውቀዋል፡፡

መፍትሔው ሦስት ነው፡፡ አንደኛ፣ ጽሑፉ ዲኦአይ የሚባለው ቋሚ መለያ ቁጥር ካለው ከሊንኩ ይልቅ እሱን መጥቀስ፤ ገጹ ቢዛወር አሳታሚው አዲሱን አድራሻ እስካስመዘገበ ድረስ ቁጥሩ ተከትሎት ይሄዳል፡፡ ሁለተኛ፣ ዲኦአይ ከሌለው ገጹን «ዌይባክ ማሽን» በተባለው የኢንተርኔት መዝገብ አስቀምጦ የተቀመጠበትን አድራሻ አብሮ መጻፍ፡፡ ሦስተኛ፣ ፋይሉን ከነሽፋኑ በራስ ዘንድ መያዝ፡፡

ስም፣ ዘመን፣ ቦታ

የውጭ መመሪያዎች የማይነግሩን የራሳችን ጣጣ አለ፡፡ የመጀመሪያው ስም ነው፡፡ የአባት ስም የቤተሰብ ስም አይደለም፡፡ ሶፍትዌሩ ባሕሩ ዘውዴን «ዘውዴ፣ ባ.» ብሎ ሲገለብጣቸው መጽሐፉን ለአባታቸው ሰጠ ማለት ነው፡፡ እንደ ዞቴሮ ባሉ ፕሮግራሞች ሙሉ ስሙን በአንድ ሳጥን ውስጥ ማስገባት ይቻላል፡፡ መጽሔቱ የግድ ይገልበጥ ካለ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ መልክ መሄድ ነው፡፡

ሁለተኛው ዘመን ነው፡፡ በእኛና በፈረንጆች አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት ከመስከረም 1 ቀን እስከ ፈረንጆች ዓመት መጨረሻ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው፡፡ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የቀረበ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. የ2022፣ ሰኔ 2015 ዓ.ም. የቀረበው ደግሞ የ2023 ነው፡፡ ወሩ ሳይታወቅ ከመቀየር በሰነዱ ላይ ያለውን ዓመት እንዳለ ጽፎ «ዓ.ም.» ማለት ይሻላል፡፡

ሦስተኛው የቦታና የተቋም ስም ነው፡፡ ናዝሬት አዳማ፣ ደብረ ዘይት ቢሾፍቱ፣ ዝዋይ ባቱ ተብለዋል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1993 ናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኖ የተቋቋመው በ2011 አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተብሏል፡፡ ሰነድ ሲፈለግ በሁሉም ስም ይፈለጋል፤ ሲጠቀስ ግን ሽፋኑ ላይ ያለው ስም ይጻፋል፡፡

ሕግ ሲጠቀስ

አዋጅ የሚጠቀሰው በቁጥሩና በዓመቱ፣ ከታተመበት ነጋሪት ጋዜጣ ጋር ነው፤ የኦሮሚያ ክልል ሕግ ከሆነ ከመገለተ ኦሮሚያ ጋር፡፡ በአማርኛ 1205/2012 የሆነው አዋጅ በእንግሊዝኛ 1205/2020 ነው፤ ሁለቱን ማቀላቀል አንድን ሕግ ሁለት ያስመስላል፡፡ ስለ ፌዴራል ሕጎች በአማርኛውና በእንግሊዝኛው ቅጂ መካከል ልዩነት ሲገኝ በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት የሚጸናው አማርኛው ነው፡፡

የተሻረ ሕግም ከኢንተርኔት አይወርድም፡፡ ስለ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች የሚጽፍ ተማሪ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 377/1996ን በቀላሉ ያገኘዋል፤ ነገር ግን ይህ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከተተካ ቆይቷል፡፡

ያላነበቡትን አለመጥቀስ

አሁን ደግሞ ምንጭ ፈጥሮ የሚሰጥ ማሽን መጥቷል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2023 ኒውዮርክ ውስጥ ጠበቆች ቻት ጂፒቲ የፈጠራቸውን፣ በሌሉበት የተጠቀሱ የፍርድ ውሳኔዎች ለፍርድ ቤት አቅርበው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል፡፡ ደንቡ ግን ከማሽኑ በፊትም የነበረ ነው፡- ከፍተህ ያላየኸውን አትጥቀስ፡፡

ወደ አዳማው ተማሪ ልመለስ፡፡ ከሰንጠረዡ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ወስዶ ሲያፈላልግ ዋናውን ጥናት አገኘው፡፡ ቁጥሩ ትክክል ነበር፡፡ የተለካው ግን እሱ በሚጽፍበት ከተማ አልነበረም፡፡